አንኮበር ላይ ወፍጮ ቤቱ የት ነበር?

ጥያቄውን የምንወያይበት የኢንተርኔት መድረክ ላይ ያነሳሁት እኔ ነኝ። በአራት ቀን ውስጥ 38 መልስ መጣ። ሁሉንም ደጋግሜ አንብቤያለሁ። ክሩ፣ ማለትም የመልሶቹ ሰንሰለት፣ ረዝሞ መከተል ለከበዳችሁ በቁጥር እየጠራሁ ልተርክላችሁ።

መነሻው የአንዲት ልጅ ጥያቄ ነው። ባለፈው ወር ከደብረ ብርሃን ተነስተን አንኮበር ሄድን። ጠዋት ስለነበር ጉሙ ገና አልተገለጠም። ከጎረቤላ ወደ ቤተ መንግሥቱ አምባ ስንወጣ ከፊታችን ከሚሄደው ሰው ጀርባ በቀር የሚታይ ነገር የለም። አናቱ ላይ እንደደረስን አስጎብኚያችን የካቡን ፍርስራሽ አሳየን። ስለ ሣህለ ሥላሴ፣ ስለ ምኒልክ፣ እንግሊዞች ስላመጡት 300 ጠመንጃ ጥሩ አድርጎ ነገረን። ሲጨርስ የእህቴ ልጅ ወፍጮ ቤቱ የት እንደነበር ጠየቀችው። አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። አስጎብኚው ትንሽ አሰበና ይህን እስካሁን ማንም ጠይቆት እንደማያውቅ ነገራት።

ማታ ቤት ገብቼ ያንኑ ጥያቄ ጻፍኩት። ከሥሩም ለምን እንደምጠይቅ አስረዳሁ። ሣህለ ሥላሴ ከ1813 እስከ 1847 እ.ኤ.አ. ሸዋን ሲገዛ አንኮበር በእንጨት አጥር ላይ አጥር የተከበበ ምሽግ ነበር። አንጎለላ ደግሞ ዘመቻ የሚነሳበት የጦር ከተማ ነበር። ንጉሡ በየዓመቱ ይዘምታል። ሠራዊቱ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ስንቅ ይዞ ይወጣል። ያን ጊዜ ዱቄት የሚገኘው ከሁለት ድንጋይና ከሴት ክንድ ነው። ታች ወፍጮው፣ ላይ መጁ። በእጅ የፈጨ ሰው ያውቀዋል፤ ወገብ ይቆርጣል፣ መዳፍ ይላጣል። በቤተ መንግሥቱ ይህን ይሠሩ ከነበሩት ብዙዎቹ ባሪያዎች ነበሩ። ያኔ ወደ ሸዋ የመጡት የውጭ ተጓዦች አይተው ጽፈዋል። ታዲያ ቦታቸው የት ነው? ምልክቱ ከመሬት ሊገኝ ይችላል ወይ? ጥያቄዬ ይኸው ነበር።

1 ቁጥር የመጣው ደብረ ሲና ከሚኖሩ ጡረታ የወጡ መምህር ነው። በአክብሮት ነው የጻፉት። ጥያቄው ከአምባው መጀመር የለበትም፣ ከሥሩ ነው መጀመር ያለበት ይላሉ። ከአንኮበር ቁልቁል አልዩ አምባ አለች፤ የነጋዴዎች ከተማ፣ የጨው፣ የጨርቅና የቡና ገበያ። በአቅራቢያዋ ደግሞ አብዱል ረሱል ነበረች። አብዱል ረሱል ሰው የሚሸጥባት ገበያ ነበረች። ከእናርያና ከጉራጌ፣ ከሌላም የደቡብ አገር የተነዱ ሰዎች በዚያ አልፈው ወደ ታጁራ ባሕር ወርደዋል። ንጉሡም ከንግዱ ቀረጥ ይሰበስብ ነበር። መምህሩ ሲያጠቃልሉ፣ ከአምባው ላይ ሆነን ያንን ቆላ እያየን ፎቶ እንነሳለን፣ የምናየውን ግን አናውቀውም ብለዋል። ይህ አባባላቸው እስካሁን ከውስጤ አልወጣም።

2 ቁጥር አጭር ነው። በራሳችን አቆጣጠር ጻፍ የሚል እርማት። ልክ ነው። ሣህለ ሥላሴ ያረፉት በጥቅምት 1840 ዓ.ም ነው።

በ3 ቁጥር ተቃውሞ መጣ። ጸሐፊው የአንኮበር ልጅ ነኝ ይላል። እኛ ዘንድ ባርነት የሚባለው እንደ ፈረንጁ አልነበረም፤ ከቤተሰብ ጋር አንድ ላይ የሚበላ፣ ክርስትና የሚነሳ፣ በመጨረሻም ነፃ የሚወጣ የቤት ሰው ነበር ባይ ነው። ስድብ የለበትም። ግን ቆጣ ብሏል።

ለእሱ የመለሰችው 4 ቁጥር ናት። ይህን መልስ ሙሉውን ፈልጋችሁ እንድታነቡት እለምናችኋለሁ። ሴትየዋ ከአንጎለላ አካባቢ ናት። ቅድመ አያቷ በልጅነቷ ከደቡብ የመጣች እንደነበረች ያወቀችው አያቷ ሊሞቱ ሲሉ ነው። እስከዚያ ድረስ ቤት ውስጥ ዘመድ ትባል ነበር እንጂ የማን ልጅ እንደሆነች ማንም አያነሳም። እኛ ዘር ስንቆጥር እስከ ሰባት ቤት እንወርዳለን። በዚህች ሴት በኩል ግን ቆጠራው አንድ ቤት ላይ ይቆማል። የአባቷ ስም የለም፣ የአገሯ ስም የለም። ስትፈጭ የምታንጎራጉረው ዜማ ነበራት፤ ቋንቋውን ማንም አያውቀውም ነበር ይባላል። ጸሐፊዋ ለ3 ቁጥር የመለሰችው በትህትና ነው። አብሮ መብላቱ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ቅድመ አያቷ ግን ወደ አገሯ ልመለስ ብትል ማን ይፈቅድላት እንደነበር ንገረኝ ብላዋለች።

3 ቁጥር ለዚህ መልስ አልሰጠም። የወደደው ምልክት ግን ሥር ላይ አለ።

5 ቁጥር የሕግ ሰው ሳይሆን አይቀርም። ፍትሐ ነገሥቱን ነው ያነሳው። ስለ ባርነት በሚናገረው አንቀጽ ሰው ሁሉ በተፈጥሮው ነፃ እንደሆነ ይናገራል፤ ወዲያው ግን ጦርነት አንዱን ለሌላው ተገዢ እንደሚያደርግ ይቀበላል። ምርኮኛ ባሪያ ይሆናል ማለት ነው። ስለዚህ የጦር ሠፈርና ባርነት እኛ ዘንድ በሕግም የተያያዙ ነበሩ ይላል። ካፒቴን ሐሪስ የሚባለው የእንግሊዝ መልእክተኛ በ1841 እ.ኤ.አ. መጥቶ ከንጉሡ ጋር ውል ተፈራርሟል። አብሮም ዘምቷል። ሠራዊቱ ሲመለስ ሴቶችና ሕፃናት እንደ ከብት ሲነዱ አይቶ ጽፏል። 5 ቁጥር ሐሪስን እንዳለ መቀበል እንደማይገባ ያስጠነቅቃል፤ ሰውዬው አገሩን ከፍ አድርጎ፣ እኛን ዝቅ አድርጎ የሚጽፍ ነው። ምርኮኞቹን ግን ፈጥሮ አላመጣቸውም።

ከ6 እስከ 9 ያሉት ስለ ሐሪስ ሐቀኝነት የተነሳ ክርክር ናቸው። ሁለት ሰዎች ናቸው የሚመላለሱት። አንዱ ሰላይ ነበር ይላል፣ ሌላው ሰላይም ቢሆን ዓይን አለው ይላል። ከዚህ በላይ አልሄዱም።

10 ቁጥር ክሩን ከፍ አደረገው። አርኪዮሎጂ ያጠና ወጣት ነው። ከጠየቅኩት በላይ መለሰልኝ። የምንጎበኘው ካቡን ነው ይላል፤ ድንጋይ ስለሚቆይ። ፈጪዎቹ፣ ውሃ ቀጂዎቹና እንጨት ለቃሚዎቹ የሚያድሩት ግን በእንጨትና በጭቃ ቤት ነው። ያ ቤት ሲፈርስ ለዓይን ምንም አይተርፍም። ለአፈር ግን ይተርፋል። ምሰሶ የቆመበት ጉድጓድ ከዙሪያው አፈር የተለየ ቀለም ይዞ ይቀራል። ጉልቻ የነበረበት አፈር እንደ ሸክላ ይጠበሳል። አመድ የሚደፋበት ቦታ ለአጥኚ ከዙፋን ይበልጣል፤ የከሰለ እህል፣ አጥንት፣ ገል፣ የተበጠሰ ዶቃ የሚገኘው እዚያ ነውና። ወፍጮ ደግሞ ከባድ ነው። ተሸክሞት የሚሄድ የለም። ብዙ ወፍጮ አንድ ቦታ ከተገኘ የአንድ ቤተሰብ ቤት አይደለም፤ ለብዙ አፍ የሚፈጭበት ቤት ነው።

ልጁ አንድ ነገር አጥብቆ ነግሮናል። አንድ ወፍጮ አግኝቶ ይህ የባሪያ ነው ማለት አይቻልም። ነፃዋም ሴት ፈጭታለች። ድንጋዩ ስለ ሥራው ይናገራል፤ ስለ ሠሪዋ የሚናገረው ቦታው ነው። ከአጥሩ ከየትኛው ወገን ነበር፣ ስንት ሰው በስንት ክንድ ስፋት ላይ ያድር ነበር፣ የሚበሉት ጌቶች ከሚበሉት ይለያል ወይ፣ ሸክላው የአካባቢው ነው ወይ፤ እነዚህ ሲደመሩ ነው መልስ የሚገኘው።

በ11 ቁጥር አንዷ አምባው ላይ ሎጅ ከተሠራ ወዲህ ምን የቀረ አለ ብላ ተስፋ ቆርጣ ጻፈች። 10 ቁጥር ተመልሶ አጽናናት። ወፍጮ ቤት ከንጉሡ እልፍኝ አጠገብ ሊሆን አይችልም፣ ጭስም ጫጫታም አለው፤ ስለዚህ ከአናቱ ዝቅ ብሎ፣ ውሃ ቅርብ ሆኖ፣ ተዳፋቱ ላይ ይፈለግ ብሏታል።

12 ቁጥር ጎንጮን አነሳ። ባሪያዎቹ የሚታሰሩት ጎንጮ ነው የሚል ነበር። መምህሩ በ13 አርመውታል። ጎንጮ የንጉሣውያን ቤተሰቦች እስር ቤት ነበር። ነጋሽ ሲነግሥ ወንድሞቹን ወደዚያ ይልካል። ሣህለ ሥላሴም የራሳቸውን ወንድሞች አስረው ቆይተው የሐሪስ ቡድን ከመሄዱ በፊት ፈቷቸዋል። መምህሩ እዚህ ላይ አንድ ነገር ጨምረዋል። ስለ እነዚህ ሰባት መሳፍንት መፈታት የማያውቅ የአካባቢው ታሪክ ወዳድ የለም። ስማቸውም ተጽፏል። በዚያው አምባ ሥር የነበሩት ሌሎች ሰዎች ግን በቁጥር እንኳ አልተያዙም።

14 ቁጥር ከሩቅ ነው። የመሐል ሜዳ ተወላጅ ነው፤ አሁን ሚኒሶታ ይኖራል። በሚኖርበት ከተማ አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ፎርት ስኔሊንግ የሚባል የድሮ የጦር ምሽግ አለ። ልጆቹን ይዞ ይሄዳል። ድሮ ልጆቹ የሚያዩት መድፍና ወታደር ብቻ ነበር። አሁን ግን ስለ ድሬድ ስኮትና ስለ ሚስቱ ስለ ሐሪየት ይነገራቸዋል። ሁለቱም ባሪያዎች ነበሩ። ድሬድ ስኮትን ወደ ምሽጉ ያመጣው የጦር ሐኪም ነው፤ ዓመቱ 1836 እ.ኤ.አ.። ያ አገር በሕግ ባርነት የተከለከለበት ነበር። መኮንኖቹ ግን ባሪያ ይዘው ይመጣሉ፤ ሠራዊቱም ለአገልጋይ የሚሆን አበል ይከፍላቸው ነበር። ሰዎቹ የሚያድሩት በመኮንኖቹ ቤት ሥር በማዕድ ቤቱ ውስጥ ነው። ባልና ሚስቱ በኋላ ለነፃነታቸው ተሟገቱ። በ1857 እ.ኤ.አ. የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ፈረደባቸው። ያ ፍርድ አገሩን ወደ እርስ በርስ ጦርነት ከገፉት ነገሮች አንዱ ነው። የኛ ልጅ ሲጽፍ፣ ዓመቱን ከሣህለ ሥላሴ ዘመን ጋር አስተያዩት ይላል። ሐሪየት እዚያ ምግብ ስትሠራ፣ አንጎለላ ላይም አንዲት ሴት እሳት እያነደደች ነበር።

ይህን ሳነብ ቆም ብዬ ቆየሁ።

15 ቁጥር ግን ተቆጣ። ከዚህ በኋላ ክሩ ሻካራ ሆነ። የአሜሪካንን ኃጢአት አምጥተህ አንኮበር ላይ አትለጥፍ ነው ነገሩ። እኛ ሰው በመርከብ ጭነን አልወሰድንም፣ ሸንኮራ እርሻ አላስቆፈርንም፤ ይህ ሁሉ ሸዋን ለማጠልሸት የሚደረግ ነው ብሏል። 16 ቁጥር፣ ያው የሚኒሶታው ልጅ፣ በረጋ መንፈስ መለሰ። አንድ ናቸው አላልኩም፤ ያልኩት ምሽጉን የሚያስጎበኙት ሰዎች ማዕድ ቤቱን ለማሳየት መወሰናቸውን ነው። አገራቸውን ስለጠሉ አይደለም፤ የልጆቻቸው ጥያቄ በዛባቸው እንጂ ይላል።

በ17 ቁጥር ሌላ ሰው ስለ ብሪምስቶን ሂል ጻፈ። ካሪቢያን ውስጥ ሴንት ኪትስ የምትባል ደሴት ላይ ያለ የእንግሊዝ ምሽግ ነው። መቶ ዓመት ያህል በአፍሪካውያን ባሪያዎች ጉልበት ተሠራ። በ1999 እ.ኤ.አ. የዓለም ቅርስ ሆነ። በአሜሪካ የቴነሲ ዩኒቨርሲቲ አጥኚዎች በ1990ዎቹ ሲቆፍሩ ያተኮሩት በመድፎቹ ላይ ብቻ አልነበረም፤ ባሪያዎቹ የኖሩበትንና የሠሩበትን ቦታ አገኙ። ከአጥንት የተሠሩ፣ መሐላቸው ላይ አንድ ቀዳዳ ያላቸው ትንንሽ ክቦች ወጡ። የአዝራር ሥራ ነው። ስማቸው በምሽጉ መዝገብ ውስጥ የሌለ ሰዎች የእጅ ሥራቸው ከመሬት ወጣ። እኔን የገረመኝ የዕቃው ትንሽነት ነው። በጥፍር የሚያዝ ነገር ነው።

ከ18 እስከ 22 ወሬው ሌላ ቦታ ሄደ። አንዷ ወደ አንኮበር ለመሄድ ምን ልልበስ ብላ ጠየቀች። ጋቢ ይበቃል ያላት አለ፣ የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ያዢ ያላት አለ። ስለ መንገዱም ተወራ። ከዚያ አንዱ ስለ ጣርማ በር ዋሻ አነሳ፤ ማን ሠራው፣ ጣሊያን ነው፣ በማን ጉልበት። እዚህ ላይ መምህሩ ወሬውን ቀስ ብለው ወደ ጉዳዩ መለሱት።

23 ቁጥር የእሳቸው ነው። ቁፋሮ ለውጥ ያመጣል ወይ ለምትሉ ሩቅ አትሂዱ፣ እዚሁ ሰሜን ሸዋ ዘረት ዋሻ አለላችሁ ይላሉ። በሚያዝያ 1931 ዓ.ም የጣሊያን ጦር ዋሻው ውስጥ የተጠለሉትን ሰዎች በመርዝ ጋዝ ፈጃቸው። በጣሊያን ወረቀት ላይ የተጻፈው ሽፍታ መመታቱ ነው። ከብዙ ዓመት በኋላ የስፔንና የኢትዮጵያ አርኪዮሎጂስቶች ዋሻውን መረመሩ። ያገኙት የጥይት ቀለህ ብቻ አልነበረም፤ ገል አለ፣ የቤት ዕቃ አለ። ጓዙን ይዞ የገባ ቤተሰብ ነው የነበረው። መምህሩ የጻፉት ቁጣም ጩኸትም በሌለበት ቋንቋ ነው። የጠላት ወረቀት የደበቀውን የሴቶችና የሕፃናት ዕቃ አፈር ካወጣልን ደስ አለን፤ የራሳችን ነገሥታት ዜና መዋዕል የዘለለውንም እንዲሁ ያውጣልን ይላሉ።

15 ቁጥር በ24 ተመለሰ። ስለ ዘረት እንደሚስማማ፣ ሁለቱን ማነጻጸር ግን እንደማይገባ ጻፈ። ድምፁ ቀንሷል።

በ25 ቁጥር አንዱ የውሃ ወፍጮ ታሪክ አመጣ። በሣህለ ሥላሴ ዘመን አንድ የውጭ ባለሙያ ለንጉሡ የውሃ ወፍጮ ሠርቶ ነበር። ካህናቱ የሰይጣን ሥራ ነው ብለው ተቃወሙ፤ ተተወ። ጸሐፊው ይህን የነገረን ስለ ሥልጣኔ መዘግየት ሊያወራ ነው። እኔ ግን ሌላ ነገር ታየኝ። ያ ወፍጮ ቢዞር ስንት ሴት ወገቧ ያርፍ ነበር። ሲቆም ሥራው ወዴት እንደተመለሰ ግልጽ ነው። ይህንኑ በ26 ቁጥር ጻፍኩ።

27 ቁጥር ስለ ምኒልክ እናት አነሳ። ወይዘሮ እጅጋየሁ በቤተ መንግሥት ታገለግል እንደነበር በብዙ መጽሐፍ ላይ አለ፤ ስለዚህ ይህ ጉዳይ የንጉሥ ቤት ድረስ ይገባል ነው የሚለው። ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም። የተጻፈበት መንገድ ግን ነገር ፍለጋ ነበር። 28ና 29 ተሰዳደቡ። አወያዩ የሁለቱንም መልስ አንስቶ ማስጠንቀቂያ ጻፈ። ቃላቸውን እዚህ አልደግመውም። አንድ ነገር ግን ልበል፤ ሁለቱም ሲሰዳደቡ የተጠቀሙት ባሪያ የሚለውን ቃል ነው። ቃሉ ዛሬም ስድብ ከሆነ፣ ነገሩ አልፏል የሚለው ሰው ደግሞ ያስብበት።

30 ቁጥር ይህን ዓይነት ጥያቄ ነበረው። ይህ ሁሉ ድሮ ነው፣ ዛሬ ምን ያደርግልናል አለ። 5 ቁጥር ተመልሶ ዓመቱን አስቆጠረው። ምኒልክ የሸዋ ንጉሥ ሳሉም የባሪያ ንግድ ይቁም ብለው አውጀው ነበር። ኢትዮጵያ የመንግሥታት ማኅበር አባል ከሆነች ከወራት በኋላ፣ በመጋቢት 1916 ዓ.ም፣ ባሪያዎች ነፃ የሚወጡበት ሕግ ወጣ። በሕግ ፈጽሞ የተዘጋው ግን በነሐሴ 1934 ዓ.ም ነው። የአያቶቻችን ዘመን ነው። በዚያ ሰሞን የተወለዱ ዛሬ ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው ሰዎች ናቸው፤ እናታቸው ማን እንደነበረች ማንም ሳይጠይቃቸው ይሞታሉ። 4 ቁጥር ሥሩ ላይ አንድ ቃል ብቻ ጻፈች። እውነት።

ስለ ስም የጠየቀ ሰው ነበር፤ 32 ቁጥር። ከነዚያ ሁሉ ሰዎች በስሙ የሚታወቅ አንድ እንኳ የለም ወይ? 33 ቁጥር መለሰለት፤ አለ። ዲልቦ ይባላል። የእናርያ ሰው ነው፣ ሳባ ከሚባል ቦታ። ሚስዮናዊው ክራፍ በ1840 እ.ኤ.አ. አካባቢ ሸዋ ሲኖር፣ አንጎለላ ላይ የነበረችውን ቤቱን እንዲጠብቅለት ንጉሡ የመደቡለት ባሪያ ነው። ክራፍ ስለ ካፋና ከካፋ ወዲያ ስላለው አገር የጠየቀው እሱን ነው። ዲልቦ የነገረውም በአውሮፓ መጽሐፍ ውስጥ ታተመ። አገር እንዲገልጽ ተጠይቋል። ስለ ራሱ ግን የተጠየቀው ጥቂት ነው። 33 ቁጥር እንዲህ ሲል ጥሩ ነገር አለ፤ ስለ አንጎለላ የሚያውቀው ሰው ሁሉ ምኒልክ እንደተወለዱባት ነው የሚነግራችሁ። ዲልቦም የኖረባት ናት። ሁለቱንም ብንናገር አንጎለላ አትቀንስም።

ይህን ካነበብኩ በኋላ ስሙን ደብተሬ ላይ ጻፍኩት። ከአንጎለላ መንገድ ላይ ሳልፍ ሁልጊዜ የማስበው አንድ ስም ብቻ ነበር። አሁን ሁለት ሆነዋል።

34ና 35 ምን እንደሚደረግ ያወራሉ። አንዱ እኛው ሄደን እንቆፍር አለ። የአርኪዮሎጂው ልጅ በፍጹም አለ፤ በዚህ ላይ ድምፁን ያነሳው የመጀመሪያ ጊዜ ነው። ያለ ፈቃድና ያለ ባለሙያ አንድ አካፋ አፈር ማንሳት ገጽ ቀዶ መጣል ነው። ዕቃ ከተቀመጠበት አፈር ከወጣ በኋላ ድንጋይ ብቻ ነው። ማድረግ የምንችለው ግን ብዙ ነው ይላል። ሽማግሌና አሮጊት መጠየቅ፤ በየማሳው ጥግ የሚቆለለውን ድንጋይ ማየት፤ ገበሬ በእርሻ ላይ ያወጣው ወፍጮ ካለ የት እንደወጣ መጻፍ። የቦታ ስሞችንም መመዝገብ። 36 ቁጥር ላይ 3 ቁጥር ተመለሰ። ከሁለት ቀን ዝምታ በኋላ ነው። የጎረቤላ አሮጊቶችን እኔ እጠይቃለሁ፣ አክስቴ ታስተዋውቀኛለች አለ። ለ4 ቁጥርም ስለ ቅድመ አያቷ እግዚአብሔር ነፍሷን ይማር ብሎ ጻፈላት።

38 ቁጥር የመጨረሻው ነው። የጻፈችው ጎረቤላ የምትኖር ሴት ናት፤ እስከዚያ ቀን ስታነብ እንጂ ስትጽፍ አልነበረም። የአባቷ ቤት በር ላይ እንደ ደረጃ የሚረገጥ ድንጋይ አለ። ልጅ ሆና ዝናብ ሲዘንብ ውሃ ይቋጠርበት ነበር፤ እርግቦች ይጠጡበታል። ክሩን ካነበበች በኋላ ጎንበስ ብላ አየችው። ወፍጮ ነው። ከወገቡ የተሰበረ ትልቅ ወፍጮ። አባቷን ጠየቀቻቸው። የሳቸው አባት ናቸው ያመጡት፤ ከአምባው ሥር፣ ከምንጩ ከፍ ብሎ ካለው ተዳፋት፣ ሲያርሱ ወጥቶባቸው። እዚያ ሌላም ብዙ ነበር፣ ለካብ ወሰዱት አሏት። ሴትየዋ ድንጋዩን አላነሳችውም። ፎቶ አንስታ፣ ርዝመቱን በስንዝር ለክታ፣ አባቷ ያሳዩዋትን ተዳፋት በስልኳ ካርታ ላይ ምልክት አድርጋ ለአርኪዮሎጂው ልጅ ልካለታለች።

ፎቶውን ለእህቴ ልጅ አሳየኋት። በሁለት ጣቷ አጉልታ ረጅም ጊዜ አየችው። ጎድጓዳው ለምን ወደ አንድ ጎን እንዳዘነበለ ጠየቀችኝ። ያንንም 39 ብዬ ጻፍኩት።